ጥሩምባው ዝም ያለበት ወር

ከሙዚየሙ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ ጎዳና ላይ ጥሩምባውን የማያውቅ የለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ስለመኖሩ ግን እንጃ። ሥራው ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ እንግዳ መጥራት ነው። ጎብኚዎች የድሮውን ቤተ መንግሥት ሲያዩ ውለው፣ እግራቸው ዝሎ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አመሻሹ ላይ ሲወርዱ፣ የጎዳናው ምግብ ቤቶች ጠሪዎቻቸውን በየበራቸው አቁመው ይጠብቋቸዋል። አንዱ ዓሣ አለ ይላል፣ አንዱ ወይን፣ አንዱ ከራት በኋላ ሙዚቃና ጭፈራ። ጥሩምባው ግን ከሁሉም በላይ ይሰማል። በማይችለው ቋንቋ ሁሉ ሰላምታ ያውቃል፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንደሚባል ነው የማያውቀው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ይመስላል ቢባል፣ ግድግዳ ነው። ሚስቱ የትልቁ ቲያትር ቤት ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ንጉሡንም ለማኙንም ስታለብስ ስለምትውል የምታወራው አታጣም። እሱ ግን "ጉሮሮዬም ጆሮዬም ሥራ ላይ አልቀው ነው የመጣሁት" ይልና ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የምሩን ነው፣ ያልቃል።

ታዲያ ዘንድሮ፣ ገና ጎብኚ መብዛት ሲጀምር፣ ድምፁ ሻከረ። ማር ላሰ፣ ዝንጅብል አፍልቶ ጠጣ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቀለለ። አንድ ጠዋት አፉን ቢከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ጉሮሮውን መረመረና፣ "የድምፅ አውታርህ ላይ እብጠት አለ፤ ጩኸት ያመጣው ነው። አንድ ወር ሙሉ ቃል እንዳይወጣህ። ሹክሹክታም ቢሆን አይቻልም። እምቢ ካልክ ድምፅህን ለዘለቄታው ታጣዋለህ" አለው። ጥሩምባው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሚስቱ በመዳፏ ከደነችለት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ነገሩን ከጥሩምባው ሚስት ሲሰሙ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ሰው ማባረር አልወድም" አሉት ጥሩምባውን። "ግን ዓመቱን የምንበላው በዚህ ወቅት ነው። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ የማበስለው ለማን ነው? እስቲ ትንሽ ልየው። ካልሆነ ሌላ ጠሪ መያዜ ነው፤ እንዳትቀየመኝ።"

አልተቀየማቸውም፣ ፈራ እንጂ። ከመጥራት ሌላ ሙያ የለውም፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ማን ያስተምረዋል? በሩ ላይ ቆሞ በእጁ "ግቡ" ለማለት ሞከረ። ያለ ድምፅ ክንዱን ሲያወናጭፍ ያዩት ጎብኚዎች መንገዱ የተዘጋ መሰላቸውና ተከታትለው ወደ ማዶ ተሻገሩ። የማዶው ጠሪ በደስታ ተቀበላቸው፤ ለጥሩምባውም ከሩቅ በእጁ ምስጋና ላከለት።

በዚያ ጎዳና አንድ ልማድ አለ። ባዶ ምግብ ቤት ማንም ደፍሮ አይገባም። ስለዚህ ቀድሞ የመጣ እንግዳ ጥግ ይዤ ልቀመጥ ቢልም አይተዉትም፤ ከውጭ እንዲታይ መስኮቱ ጋ ያስቀምጡታል። "መብራት" ይሉታል። መብራቱ ከበራ ሌላው ይከተላል። ጋሼ ቤት ግን መብራት የሚሆን አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ሚስቱ ለጉሮሮው ትኩስ ነገር በፔርሙስ ይዛ ብቅ አለች። የቲያትር ቤቱ ጣራ እየታደሰ ስለነበር ማታ ማታ ሥራ የላትም። ጥሩምባው አያት፣ መስኮቱን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ክንዷን ይዞ አስገባና መስኮቱ ጋ አስቀምጧት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ምን ሁኚ ነው የሚለኝ?" አለች።

ጋሼ ወዲያው ገባቸው። "መብራት ነሽ፣ የኔ ልጅ። ብዪ" አሉና ሾርባና ጥብስ አስመጡላቸው።

ሚስቱ ዙሪያውን ቃኘች። "ለካ ወንበሮቹ አረንጓዴ ናቸው" አለች ቀስ ብላ።

ጥሩምባው ያኔ ደነገጠ። ይህን ሁሉ ዓመት የዓለምን ሕዝብ ግቡ ግቡ ሲል፣ ሚስቱን አንድ ቀን ግቢ ብሏት አያውቅም። አፈረ፤ ፊቱ እስኪግል ድረስ አፈረ።

መብራትነቱም ቢሆን አልሆነላትም። ተዋናይ ስታለብስ ትኑር እንጂ ትወናው አልተጋባባትም። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቃ ተቀመጠች። በመስኮቱ አሻግረው ያዩአቸው ጎብኚዎች ባልና ሚስት የተጣሉ ስለመሰላቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ጥሩምባው እጁን ከአፉ ወደ እሷ እያመላለሰ በምልክት አውሪ አላት። "ምን ላውራ?" አለች። የፈለግሽውን ለማለት ትከሻውን ሰበቀ።

"እንግዲያው ንጉሡ ሱሪው የተቀደደ ዕለት" ብላ ጀመረች። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ቁጭ ሲል ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። ቀጥሎ ደግሞ ተነስቶ፣ ጀርባውን ለተመልካቹ ሰጥቶ ወደ ጦርነት መሄድ አለበት። እሷ ከዙፋኑ ኋላ በመጋረጃው ሥር ተንበርክካ ስትሰፋለት፣ እሱ ጊዜ ለመግዛት በድርሰቱ ውስጥ የሌለ ንግግር ያደርጋል። ስለ ዝናብ ሳይቀር ተናገረ። "መስፋቱንስ ሰፋሁት" አለች፣ "ከዙፋኑ ትራስ ጋር ነው እንጂ። ሲነሳ ትራሱም አብሮት ተነሳ።"

ጥሩምባው በሳቅ ፈረሰ። ድምፅ ስለሌለው ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ይወርዳል። እሷም እሱን አይታ ሳቋ አመለጣት። ውጭ ሁለት አዛውንት ጎብኚዎች ቆመው አዩአቸው፣ ተያዩ፣ ገቡ። ከነሱ ኋላ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ተከተለ። ጋሼ ተጨማሪ ወንበር ፍለጋ ሲራወጡ ጫማቸው ሊወልቅ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እንዲሁ ሆነ። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ጎብኚዎቹ ቋንቋውን ባያውቁትም ሚስቱን አፍ አፏን የሚያይ ባል በየትም አገር ያው ነው፤ ደስ ይላቸዋል። ጋሼም አንድ ቀን ትከሻውን መታ አድርገው፣ "ድምፅህ ተመለሰም አልተመለሰም ቦታህ ያንተ ነው" አሉት። ጥሩምባው በዚያች ሌሊት እንቅልፉን ጠገበ።

ወሩ አለፈ። ሐኪሙ ጠዋት አይቶት፣ "ድኗል። ቀስ እያልክ ተናገር፤ እንደ ድሮው ግን አትጩህ" አለው። ጥሩምባው ግን ዝም እንዳለ ዋለ። "ድምፅህን ለበሩ ነው የምትቆጥበው?" ብላ ሚስቱ ቀለደችበት። እውነትም ስለነበር በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ማታ እንደ ለመዱት ተቀመጡ። "አንድ ጊዜ" አለች ሚስቱ፣ "የቲያትር ቡድናችን ባሕር ተሻግሮ በየከተማው ትርኢት ሊያሳይ ሲነሳ፣ አብረሽን ነይ ብለውኝ ነበር።"

ጥሩምባው ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህን ሰምቶ አያውቅም።

"ነግሬህ ነበር እኮ" አለች። "ለጀርባህ ነው የነገርኩት። መልስህን ስጠብቅ ማንኮራፋት ጀመርክ። እኔም ቀረሁ።" ሳትቆጣ፣ የሱሪውን ወሬ ባወራችበት ድምፅ ነው የተናገረችው። ለዚያ ነው ልቡ ድረስ የተሰማው።

ጋሼ ከበሩ ላይ ተጣሩ። "ጥሩምባው፣ ና እንጂ፤ እየወረዱ ነው።"

ከወንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። ጋሼ ጠብቀው ጠብቀው ቢያጡት ራሳቸው ጎብኚዎቹን ለመጥራት ሞከሩ፤ የፍየል የመሰለ ድምፅ ወጣቸውና ጎዳናው ሁሉ ሳቀ።

"ጣራው እስኪያልቅ ቡድናችን እንደገና ባሕር ሊሻገር ነው" አለች ሚስቱ ሾርባዋን እያማሰለች። "አሁንም ጠይቀውኛል። ነገ መልስ ስጪን ብለዋል።"

ጥሩምባው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሺ በያቸው" አለ።