ዜብራው ላይ የቆመልን ሚኒባስ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ፣ የጫግኒ መገንጠያው ላይ፣ አንድ ሚኒባስ ለእግረኛ ቆመ። አዎ፣ ለእግረኛ!

እግረኞቹ እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ታከለ ነን። ዜብራው ከተቀባ ገና ሳምንቱ ነው።

እኔ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ነበረብኝ፤ የመፈተኛው በር ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የተገኘችው አንዲት ሥራም ያለ መንጃ ፈቃድ አትሆንም።

ልሻገር ስል ጋሽ ታከለ ክንዴን ያዙኝ። «ቆይ! ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው የቆመው?»

«ጋሼ፣ ዜብራ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው።»

«እኔ በስልሳዎቹ በዚሁ መንገድ የጭነት መኪና ስነዳ ለላም እንጂ ለሰው ቆሜ አላውቅም።»

እውነት ለመናገር እኔም ጠረጠርኩ። የመንጃ ፈቃዱን መጽሐፍ ሸምድጄዋለሁ፤ እዚህ ግን ሚኒባስ የሚቆመው ሊጭን ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ኧረ እለፉ አባባ! ቀለሙን ለሠርግ የቀቡት መሰላችሁ?»

«መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ!» አሉት ጋሽ ታከለ።

አጠፋው። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ዓይናችንን ከሱ ሳንነቅል ተሻገርን። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ዜብራ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?» ይላል። «የእግረኛ» የሚለውን አከበብኩ።

ፈተናውን አልፌያለሁ! ስመለስ ግን እዚያው ዜብራ ላይ፣ ቆመው የጠበቁኝን ሁለት መኪኖች በእጄ «እለፉ» ብዬ አሳለፍኳቸው።

እናንተስ፣ መኪና ቆሞላችሁ ያውቃል? አምናችሁ ተሻገራችሁ ወይስ እንደኛ ሞተር አስጠፋችሁ?