ለሀገር ማን ዋስ ይሆናል?

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ሞላሌ ካለችው ሻይ ቤቴ ብርጭቆ እያጠብሁ ሬዲዮው ዜና ያነባል። መንግሥት የሄጉን የድንበር ፍርድ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ማለቱን ሲናገር እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ሁለት ሾፌሮች አንደኛው፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ «የምን ፍርድ ነው ደግሞ?» አለ።

«የባድመ ነዋ!»

«እንዴ! እሱ ድሮ አላለቀም?»

መልሱን ከሁለቱም ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። ግን ወንዶች ከያዙት ወግ መግባት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ብርጭቆዬን ማጠቤን ቀጠልሁ።

ፍርዱ የተሰጠ ዓመት፣ ከዚህ ዜና ዐሥራ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ውዬ ነበር። ወሩ ሚያዝያ፣ ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነው። የበልጉ ገብስ ቁርጭምጭሚት አልፎ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ማሳውን ይውጠዋል። ጦርነቱ ቆሞ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ግን አሁንም ድንበር ላይ፣ ምሽግ ውስጥ ነው። አንድ የተሰናበተ ጓደኛው በቀያችን ሲያልፍ መልእክት አድርሶልን ነበር፦ «ፍርዱ ሲሰማ ይፈቱናል፣ ለፋሲካ ቤት ነኝ ብሏል።» ከዚያች ቀን ወዲህ እናቴ የሰማችውን ሁሉ የምትለካው በዚያ ቃል ነበር።

አባቴም የራሱ የድንበር ክርክር ነበረበት። ከጎረቤታችን ከአያ ሽፈራው ጋር የሚያዋስነንን ድንጋይ የክረምት ጎርፍ አንከባሎት፣ ከማሳችን ጫፍ ያለችው ቁራጭ መሬት የማን እንደሆነች ጠፋ። በሬ ጠምዶ ለመዞር እንኳ የማትበቃ ቁራጭ ናት። ለእሷ ግን ሁለት ጊዜ በዱላ ተፈላልጠዋል። በመጨረሻ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ።

በእኛ ሀገር ሽማግሌ ዝም ብሎ አይፈርድም። አባቴ ሁለት ሰው መረጠ፣ አያ ሽፈራው ሁለት መረጡ፣ አራቱ ተማክረው አምስተኛውን ሰየሙ። ከዚያ ገና ነገሩ ሳይሰማ፣ «ዋስህን ጥራ» ይባላል። ዋስ ማለት ፍርዱ ቢጥመኝም ቢመረኝም እቀበላለሁ ላልሁት ቃል በሰው ፊት የሚቆምልኝ ሰው ነው። አባቴ የወንድሜን የክርስትና አባት፣ አያ ኃይሌን ጠራ። አያ ኃይሌም በርኖሳቸውን ሰብስበው ተነሡና «ዋስ ነኝ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ነገሩን ሰሙና ለምክር ገለል አሉ። እኔ ጠላና የገብስ ቆሎ አድርሼ፣ ማድጋዬን ይዤ ከድንጋይ ካቡ ተጠግቼ ቆምሁ። ያስተማረኝ መምህር ትንሿን ሬዲዮኑን ታቅፎ ከሰዎቹ መሃል ተቀምጧል። የሄጉም ፍርድ ያን ቀን ይሰማል ተብሎ ነበርና።

«እዚያም እንደናንተው ነው» አለ መምህሩ። «እኛ ሁለት ዳኛ መረጥን፣ እነሱ ሁለት መረጡ፣ አራቱ አምስተኛውን መረጡ።»

«ከኛ ቀድተው ነው በለኛ!» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

መምህሩ ደስ ብሎት ቀጠለ። በጥንት ጊዜ ሁለት ነገሥታት ሲጣሉ ሦስተኛ ንጉሥ ይዳኛቸው ነበር አለ። በኋላ እንግሊዝ የተሠራ መርከብ የአሜሪካን መርከቦች አጥፍቶ ሁለቱ ሀገሮች ለጦር ሲፈላለጉ፣ አምስት ሰዎች ጄኔቭ ላይ ተቀምጠው በእንግሊዝ ላይ ፈረዱ። ያን ሁሉ ባሕር የምትገዛው እንግሊዝ እሺ ብላ ካሰች። ያን ያዩ መንግሥታት ተሰብስበው፣ ሀገር ከሀገር ሲጣላ የሚዳኝበት ቤት ሄግ ላይ አቆሙ።

አያ ኃይሌ ጠላቸውን አስቀመጡ። «መልካም። አሁንስ የሁለቱ መንግሥታት ዋስ ማነው?»

«ትልልቅ መንግሥታት ስምምነቱ ላይ ፈርመዋል፣ አያ ኃይሌ።»

«እሱ ምስክር ነው። ምስክር አየሁ ይላል፣ ይሄዳል። እኔ የምጠይቅህ ዋሱን ነው። ለሀገር ማን ዋስ ይሆናል?»

መምህሩ የሬዲዮኑን ቁልፍ ማዞር ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ፈረዱ። ቁራጯ መሬት ለአያ ሽፈራው ሆነች፤ ድንጋዩም እዚያው ተተከለ። አባቴ እንደ ወጉ ተነሥቶ መጨባበጥ ሲገባው በርኖሱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። አመሻሹ ላይ ሬዲዮው ባድመ የእኛ መሆኑ ተረጋገጠ አለ። ቀዬው በእልልታ ተናጋ። እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች፦ «ልጄ መጣልኝ!» አባቴ ግን ምድጃው ዳር ተቀምጦ ጢሙን ይነጫል።

በማግስቱ እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች፣ አባቴ ዶማውን አነሣ።

«አባዬ፣ ሰንበት እኮ ነው።»

«ሀገር ድንበሯን ስታስመልስ እኔ መሬቴን ልቀማ?» ብሎኝ ወጣ።

ከደጃፍ ሆኜ አየሁት፤ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ነው። ከማዶ የአያ ሽፈራው ውሻ ጮኸ፤ ቀጥሎ እሳቸው ጠመንጃቸውን ይዘው ወጡ። ከሁለቱ አንዱ ቢወድቅ ደሙ የሚጠብቀው ጌታነህን ነው፤ ወይ ገዳይ ይሆናል፣ ወይ ይገደላል። ከጥይት የተረፈ ወንድሜ ለፋሲካ የሚመጣው ለዚያ ነው ብዬ አሰብሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ።

ቅዳሴ አልቆ ወንዶቹ በደጀ ሰላሙ እየወጡ ነበር። በሕይወቴ ወንድ በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አያ ኃይሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አያ ኃይሌ! ዋስነትዎ ሊፈርስ ነው!»

ምን፣ የት ብለው አልጠየቁም። በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ እኩል ሮጡ።

ስንደርስ የአባቴ ዶማ ከድንጋዩ ሥር ገብቷል፤ የአያ ሽፈራው አፈሙዝ ወደ ደረቱ ዞሯል።

«ፈንቅላትና እንተያያለን፣ ተሰማ!» አሉ አባቴን በስሙ ጠርተው።

«ተኩስ እንጂ! ወሬ ለሚስትህ አውራ!»

አያ ኃይሌ በመካከላቸው አልፈው ሄደው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ወደ አባቴ ዞሩ።

«በል፣ እኔን ከነድንጋዩ ፈንቅለኝ።»

«ይነሡ አያ ኃይሌ፣ እርስዎን አልነካም።»

«ነክተኸኛል እንጂ። በሰው ፊት ዋሴ ብለህ ጠርተህ፣ በሰንበት በዶማ ትቆፍረኛለህ? ነገ ከዚህ ቀዬ ለማን ዋስ እሆናለሁ?» ወደ አያ ሽፈራው ዞሩ። «አንተም አፈሙዝህን አውርድ፤ ፈረዱልህ እኮ፣ ደግሞ ምን ቀረህ?»

ማንም አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ አያ ኃይሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታነህ የእኔም ልጅ ነው፣ ተሰማ» አሉ።

አባቴ ዶማውን መዝዞ ወደ ገብሱ ወረወረው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አያ ኃይሌን ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አነሣቸው። አያ ሽፈራው ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ቤታቸው መለሱ። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

ፋሲካ መጣ፤ ጌታነህ አልመጣም። ቆይቶ ሌላ ወሬ ተሰማ፤ ለካ ዳኞቹ ባድመን የሰጡት ለወዲያኛው ወገን ኖሯል። የእኛዎቹ ፍርዱ ተሳስቷል አሉ፣ ሠራዊቱም ምሽጉ ውስጥ ቀረ። አባቴ ይህን የሰማ ቀን ዶማውን ተደግፎ ቆመና፣ «እነሱ ዘንድ ሮጦ የሚደርስ ሰው ጠፋ» አለ።

ጌታነህ የተመለሰው ከስንት ፋሲካ በኋላ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ እናታችንም ካረፈች በኋላ ነው። የሄግ ዳኞች ሥራቸውን በጊዜው ጨርሰው ነበር፤ እሺ የሚል ጠፍቶ የእሱ ጉልምስና እዚያ አለቀ። ፍርድ ማግኘት ብቻ እረፍት የሚመስለው ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ልነግረው እፈልግና አፍራለሁ።

ሬዲዮው ያን ዜና ባነበበ ሳምንት ጌታነህ ለገበያ ወርዶ ሻይ ቤቴ ገባ። ዜናውን ነገርሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከምሽጋችን ፊት ለፊት፣ በወዲያኛው ወገን ምሽግ፣ አንድ ልጅ ነበር» አለኝ። «ፀሐይ ስትወጣ ሸሚዙን አጥቦ ያሰጣል። እኔ አልተኮስሁበትም፣ እሱም አልተኮሰብኝም። ስሙን እንኳ አላውቅም።» ቀና ብሎ አየኝ። «እሱስ ቤቱ ገብቶ ይሆን?»