ላስቲኩ ያልተላጠ ምድጃ

የታላቅ እህቴ ባል ነቀምቴ ላይ ቤት ሲሠራ ከሁሉ አብልጦ የሚኮራው በኪችኑ ነበር። ነጭ ሴራሚክ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ከምድጃው በላይ ደግሞ ጭስ መሳቢያ። እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ እሱን ያስጎበኘዋል። ነገሩ ግን ውስጡን ለቄስ ነው። ሽታው ሶፋው ላይ ይቀራል ተብሎ እዚያ ሽንኩርት ማቁላላት ክልክል ስለሆነ የምድጃው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። እህቴ የምታበስለው ጓሮ፣ መስኮት በሌለው የቆርቆሮ ማድ ቤት፣ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ለቤተ ክርስቲያን እንግዶች አንጮቴ ስትቀቅል ግማሽ ቀን እዚያ ትውላለች። እንግዶቹ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ እጇን ያመሰግናሉ። ሳሏን የሰማ የለም።

ከቧንቧው እስከ በሩ ስትመጣ እንኳ ትንፋሽ ሲያጥራት ክሊኒክ ወሰድናት። እኔም ከማስተምርበት ከአርጆ መጥቼ አብሬ ነበርኩ። ሐኪሙ፣ “አዴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?” ብሎ ጠየቃት። ባሏ ቀድሟት ተቆጣ፤ እንኳን ሚስቱ ልታጨስ ቤቱ ሲጋራ ገብቶ አያውቅም፣ አማኞች ናቸው። የት እንደምታበስል ሲጠየቅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የነጩን ኪችን ፎቶ አሳየ። ጭስ መሳቢያው ጎልቶ እንዲታይ በጣቱ አሰፋው።

እህቴ መሬት መሬቱን አየች። ተማሪ ሲዋሽ የማልምር እኔም ዝም አልኩ። እሱን ንቄዋለሁ፤ ራሴን ግን ከእሱ አብልጬ። ሐኪሙ፣ እንግዲያው ከጭስ አይደለም ብሎ የሳል ሽሮፕ ጻፈ፤ ራጅ አስነስተን በማግስቱ እንድንመለስ ነገረን።

ቤት ስንደርስ ሊጠይቋት የመጡ ምእመናን ሳሎኑን ሞልተውታል። እህቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ለጠያቂዎቿ ልትሠራ። ክንዷን ይዤ ነጩ ኪችን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ላስቲኩን በቢላ ላጥኩና ድስት ጣድኩ፤ ሽንኩርቱ ሲበስል በርበሬ ጨመርኩበት። ጭስ መሳቢያውን ብነካካው አልነሳ አለ። ለካ ገመድም አልተቀጠለለትም።

ባልየው እያሳለ መጣና አፍንጫውን በክራቫቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

“ምን ነካሽ? ይሄ ጭስ እኮ ሰው ይገድላል” አለኝ።

መልሱን የሰጠችው እህቴ ነበረች።

“ይህንኑ ነገ ሐኪሙ ፊት ድገምልኝ” አለችው።