የአባቱ በርበሬና የእኛ ሰርቨር

ገጼን ያዘጋብኝ የመስቀል በሬ ነው። ከሰሜን መጥቼ ወልቂጤ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የውኃውን መጥፋት፣ የመንገዱን መቆፈር፣ በአጠቃላይ የከተማውን ብሶት የምጽፍበት ገጽ ነበረኝ፤ ያውም አገር ምድሩ ባለበት በትልቁ የኢንተርኔት መድረክ ላይ። አንድ የመስቀል ሰሞን ታዲያ ጎረቤቶቼ በሬ ሲጥሉ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ጉራጌ አገር መስቀል ያለ በሬ አይታሰብም፤ ማን ይደነግጣል ብዬ! በማግስቱ ገጹ የለም። አሰቃቂ ምስል ለጥፈሃል ተባልኩ። ይግባኝ አልኩ፤ ደግሜም አልኩ፤ የሚሰማ ጠፋ። ቀበሌ ቢሆን ሄጄ እጮኻለሁ፤ እዚህ ግን ሄደው የሚያፋጥጡት ሰው የለም። በጣም ነው የተናደድኩት፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ጉብሬ ካምፓስ በኮምፒውተር ባለሙያነት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ የቡታጅራ ልጅ ነው። ተዋቸው፣ የራሳችንን መድረክ እንክፈት ያለኝ እሱ ነው። አንድ ጌታ የሌለው ነገር ነው አለኝ፤ ማንም ጽሑፍ የሚያኖርበትን የራሱን ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉትን፣ ያቆማል፣ ሰርቨሮቹም እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ የአንዱ ባለቤት ቢያስቀይምህ ወዳጆችህን ይዘህ ወደ ሌላው ትገባለህ። እኔ እንደ ዕድር አድርጌ ነው የተረዳሁት፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አለው፣ ግን ሁሉም ይተዋወቃል። ከፈተውና መግቢያው ላይ በትልቁ «እዚህ ቤት የሰው ቃል አይሰረዝም» ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ከወልቂጤም ከቡታጅራም ሰው መግባት ጀመረ። ብዙ አልነበረም፤ የገባው ግን ወሬ የሚችል ሰው ነበር።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ስሙን የደበቀ አንድ ሰው ጻፈ። ቡታጅራ ገበያ ያለ አንድ ነጋዴ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይቀላቅላል አለ፤ ሱቁንም በምልክት ገለጸው። የወዳጄ አባት ሱቅ ነው። አባትየው የመስቃን በርበሬ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ለእንደሳቸው ያለ ነጋዴ እንዲህ ያለ ወሬ ሞት ነው። የዘመናት ደንበኞቻቸው ሱቁን እያዩ ማለፍ ጀመሩ። ሰርቨራችን ላይ ያለው ሰው ደግሞ በርበሬውን ትቶ ልጁን መጠበቅ ያዘ። እስቲ የገዛ አባቱ ሲሆን ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ እናያለን ይባባል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በእምድብር በኩል ወደ ቡታጅራ ተሳፈርን። ሚኒባስ ውስጥ ስንጨቃጨቅ ነው የሄድነው። እኔ ሰርዘውና ተገላገል አልኩት። እንግዲህ የሰረዙኝን ዓመት ሙሉ ስረግም የከረምኩ ሰው ነኝ! እሱ ደግሞ ብሰርዘው ቃሌን በላሁ፣ ብተወው አባቴን ሸጥኩ አለ። በዚያ ላይ ከእኛ ዘንድ ቢጠፋ እንኳ ሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ የደረሰው ቅጂ ሊቀር ይችላል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትልቁ መድረክ ላይ ቢሆን ሰራዡ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ማንም ማንንም አይቀየምም ነበር አልኩት። ሳቀ፤ ደስታ የሌለው ሳቅ ነበር።

አባትየውን ሱቃቸው ውስጥ ከበርበሬ ማዳበሪያዎቹ መሀል ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ለእኔ የምቀመጥበት ዱካ አስመጡልኝ። ወዳጄ ሰርቨር ምን እንደሆነ፣ ምን ብሎ ቃል እንደገባ፣ ቃሉን ማጠፍ ለምን እንደከበደው ሲያስረዳ ቆየ። አላቋረጡትም። ሲጨርስ፣ ጽሑፉ ቢጠፋ ሰው ማን አጠፋው ይላል ብለው ጠየቁት። እኔን ነው የሚሉት አለ።

«እንግዲያው ተወው» አሉ። «አንተ ከሰረዝከው ሸክላውን እኔ ቀላቅያለሁ ማለት ነው።»

ወዳጄ በረጅሙ ተነፈሰ። ቃሉ አልታጠፈ፣ አባቱም ፈቅደዋል፤ ነገሩ ያለቀ መሰለው። እኔም መሰለኝ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ዛላ በርበሬ መረጠች፤ መዘኑላትና ሸኟት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ከገባህ ጀምሮ ልሰርዘው ወይስ ልተወው ነው የምትለኝ። እውነት ነው ወይ ብለህ ግን አልጠየቅከኝም።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ። ያን ሁሉ መንገድ ስንጨቃጨቅ እሱን መጠየቁ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም ነበር። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና፣ ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም አሉ።

ምሳው መጣ። እኔ በላሁ። ልጁ አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ፤ አባትየው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።