ከላብራቶሪው ጀርባ የበቀለው ሳር

ትናንት ጠዋት ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ በር ላይ ብቅ አለና «መምህርት፣ የደብሬ አባት መጥተው ይፈልጉሻል» አለኝ።

ደብሬ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ቤተሰቦቿ ገነተ ማርያም አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። እሷ እዚህ ላሊበላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ አገሯ ትሄድና እሁድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች።

ስወጣ አባቷ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ባዶ ጆንያ አጥፈው ብብታቸው ስር ይዘው ቆመዋል። ስለ ልጃቸው ውጤት ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኝ «ደብሬ ጎበዝ ናት አባባ፣ አያስቡ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ። እኔስ ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«የምን ዕቃ?»

«ዩሪያዬን ነዋ!»

ያኔ ነገሩ ገባኝ...

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ ሙቀት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚገባ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ላብራቶሪ የሚባል ክፍል አለን፤ ውስጡ ያለው የተሰባበረ ወንበር ነው። ኬሚካል የለም፣ ቴርሞሜትር የለም። እኔ ሰሌዳ ላይ ቀስት ወደ ላይ፣ ቀስት ወደ ታች እስላለሁ፤ ልጆቹ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ያ ዝምታ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

እናም ዘንድሮ በእጃቸው ነክተው ይማሩ አልኩ። ሙቀት ለሚያወጣው የልብስ ሳሙና ዱቄት መዳፋቸው ላይ አድርጌ ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት... ሞቃቸው፣ ሳቁ። ሙቀት ለሚስበው ደግሞ ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ አሰብኩ። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። «እሱ መሟሟት እንጂ ሪአክሽን አይደለም» የምትሉኝ የሙያ ጓደኞቼ፣ እውነታችሁን ነው። ግን እኔ ጋ ያለው እሱ ነው።

«እቤቱ ዩሪያ ያለው ማነው? ትንሽ የሚያመጣልኝ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ማዳበሪያ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እጇን ያወጣችው ደብሬ ብቻ ነበረች። ሰኞ ጠዋት አምስት ጣሳ የሚሆን በፌስታል ቋጥራ ይዛልኝ መጣች።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስ ነው ያለኝ።

የማስተምረው አምስት ሴክሽን ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጣሳ በትንሽ ባልዲ ውሃ በጠበጥኩ። ልጆቹ እጃቸውን እየከተቱ ጮሁ። «ቲቸር፣ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ውርጭ አመጣሽብን እኮ!» እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሙቀቱ አልጠፋም፤ ዩሪያው ሲሟሟ ከውሃው ወስዶት ነው። ኃይል አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል» አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። እየወጣሁ አምስቱንም ባልዲ ከላብራቶሪው ጀርባ ደፋሁት።

ይኸው አሁን ባለቤቱ ፊቴ ቆመዋል።

«አባባ... ዩሪያው እኮ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሟሟ። አለቀ።»

«እንዴት ያለቃል?» አሉኝ፣ ግራ ገብቷቸው። «ልጅቱ ‹መምህርቷ ለተማሪ ልታሳየው ፈለገች› ብትለኝ፣ የሚታይ ነገር ያልቃል እንዴ ብዬ ያለችኝን አንጠፍጥፌ ሰጠኋት። አይተው ይመልሱታል ብዬ ነው እንጂ... የበልጉ ገብስ ከፍ ሲል የምበትናት ነበረች። አሁን ደርሷል፤ ቢጫ እያለብኝ ነው።»

«እኔ ልግዛልዎት አባባ!»

«ከየት ይገኛል? ለዘንድሮ የደረሰችን ያችው ናት።» ጆንያውን ወደ ሌላው ብብታቸው አዛወሩና «የሷም ስንቅ ከዚያችው ማሳ ነው የሚወጣ» አሉ። ለወቀሳ አልነበረም፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንን ውሃ በጀሪካን ይዤ አቅጥነው ማሳቸው ላይ እንዲረጩት ብሰጣቸው እንኳ ጥቂት ይረዳቸው ነበር። ውሃው ቢተን ዩሪያው ተመልሶ እንደሚገኝ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስደፋው ግን ያ ባልዲ የሰው ገብስ መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ታዲያ ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

ይዣቸው ከላብራቶሪው ጀርባ ዞርኩ። ከደፋሁት ወዲህ እኔም እዚያ ደርሼ አላውቅም። የግቢው ሳር በሙሉ ከመሬት ያልተነሳ፣ ገርጥቶ የቀረ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ግን ዝናቡ ጣል ጣል አድርጎለት እስከ ባቴ ድረስ ለምልሟል። አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር ይወስደዋል።

ቁጢጥ አሉና በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አልጠፋም መምህርት። እዚህ ነው ያለ» አሉ።

ከጥበቃው ማጭድ ተቀበሉና ማጨድ ጀመሩ። አንዷን ሰበዝ ሳያስቀሩ አጨዷት። ጆንያው ግማሽ እንኳ አልሞላም። «ለበሬው ይሆነዋል» ብለው ተሸክመውት፣ እኔን መርቀውኝ ሄዱ። አዎ፣ መረቁኝ! ቀና ስል ደብሬ ከክፍሏ መስኮት እያየችን ነው። ዓይኔን ሰበርኩ።

በዚያ ምዕራፍ ፈተና ከአምስቱ ሴክሽን ሙሉ ያመጣችው ደብሬ ብቻ ናት። ስንቋ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ግን እንጃ...

ስድስት ዓመት ሳስተምር ለምልሞ ያየሁት ነገር ቢኖር ያ ሳር ነበር፤ እሱም ትናንት ታጨደ።