ከክንዱ የወረደው ክታብ

የነፍስ አባታችንን እስከ ዛሬ አልወዳቸውም። ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ሲል እኔ ዝም እላለሁ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ ዱር ገብቶ ሲዋጋ ታፋውን ጥይት መታውና ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ዲማ አጠገብ ካለው ቤታችን አመጡልኝ። ደብረ ማርቆስ የጣሊያን ሐኪም ነበር፤ ጥይት የመታውን አርበኛ እዚያ መውሰድ ግን በገዛ እጅ ለገመድ ማቀበል ነው። ቤት ደበቅሁት። ቁስሉ መገለ፣ ትኩሳቱም አልለቀው አለ። በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ወተት በዞረበት አልዞርም አለ።

«ሞት ደጄ ቆሞ ጾም አልሽርም። የነፍስ አባቴ ከፈቀዱ ብቻ» ይለኛል።

አጥሚት ስሰጠው ፉት ይልና ፊቱን ያዞራል። ቁስሉ ሥጋውን እየበላው፣ ትኩሳቱ እያቀለጠው፣ እሱ ይጾማል! ላሚቱ ደጃፌ እየታለበች ባሌ በረሃብ ሲያልቅ ማየት አንገበገበኝ። ቄሱን አስጠራኋቸው።

መጥተው ፊቱን አዩት፤ ከፊቱ በቀር ምንም አላዩም።

«ፊቱ ሞልቷል እኮ! እንዲያውም ከአምናው ወፍሯል። ይጹም፣ ዋጋ ያገኝበታል» አሉ።

«አባቴ፣ እብጠት ነው» አልኩና ጋቢውን ገልጬ ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። የጣቴ ጉድጓድ ሊጥ ላይ እንደሚቀር ቀረ።

«የተኛ ሰው እግሩ ያብጣል። አንቺ ሴት፣ ባልሽን ከጾሙ አትለዪው» ብለውኝ ወጡ።

በሳምንቱ እንደገና አስጠራኋቸው። ባሌ ዱር ሲገባ ክታብ ጽፈው ክንዱ ላይ ያሰሩለት እሳቸው ናቸው። ያኔ ጠፍሩ ሥጋው ውስጥ ስለገባ «ያመዋል፣ ላላ ያድርጉለት» ስላቸው ስቀውብኝ ነበር። አሁን የእጀ ጠባቡን እጅጌ ሰበሰብኩና «እስቲ ያሰሩትን ይዩት» አልኳቸው። ክንዱ ቆዳና አጥንት ብቻ ነው። ክታቡ ክርኑን አልፎ አንጓው ላይ ደርሷል። ሊያዩት እጃቸውን ሲዘረጉ እጁን ወደ ታች ዘንበል አደረግሁት፤ ማንም ሳይፈታው ወርዶ መዳፋቸው ላይ ወደቀ።

ቄሱ ክታቡን መደቡ ላይ አስቀመጡት። ፊቱን ዳግመኛ አላዩትም።

«ፈቅጃለሁ፣ ወተት ስጪው» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም «ምነው ቀደም ብለሽ ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። እኔን!

ባሌ የዚያኑ ዕለት ወተት ጠጣ፤ ሆዱ አልያዘለትም። ሆሳዕናን ሳያይ ሞተ።

የፋሲካ ዕለት ቄሱ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ መጡ። መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ ሲዘረጉ፣ ክታቡን ሌላው መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ይውሰዱት አባቴ» አልኳቸው። «ፊቱ የሞላ ሰው ሲያገኙ ክንዱ ላይ ያስሩለታል።»