ክረምት ሲመጣ የሚጎድለው ሐይቅ

ሐኪሙ «በቀን አንድ ሰዓት ተራመጂ» ባይለኝ ኖሮ ወደ ሐይቁ የምሄድ ሴት አልነበርኩም። አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት በታኮ ጫማ ቆሜ ጉልበቴን ጨርሼዋለሁ። ቤቴ ከሲኤምሲ ወረድ ብሎ ነው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ሲኬድ ጎርፍ እንዲይዝ ወንዙ ላይ የተሠራ ግድብ አለ። ከግድቡ ጀርባ የተኛውን ውሃ ነው እኛ «ሐይቁ» የምንለው። ዙሪያውን የእግር መንገድ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የልጆች ዥዋዥዌ፣ በፔዳል የሚሄዱ ጀልባዎችና ሻይ ቤት አለው። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይሞላል። እኔ የማታ ተረኛ ስሆን ጠዋት ጠዋት እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ግራ የገባኝ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ልጆች የሚጫወቱት ታች ውሃው ዳር ሆኖ ሳለ መጸዳጃው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ደረጃውን ስትሮጥ «ይሄን የሠራ ሰው ልጅ የለውም!» ስትል ሰምቼ ስቄያለሁ። በኋላ ልብ ስል ሻይ ቤቱም፣ የመብራት ሳጥኑም፣ የእንጨት ወንበሮቹም ሁሉ ላይ ናቸው። ታች ያሉት ወንበሮች ሲሚንቶ ናቸው። የቆሻሻ መጣያዎቹ ደግሞ በሰንሰለት ታስረዋል። ባዶ የቆሻሻ መጣያ ማን ይሰርቃል? ነገሩ ከጉልበቴ ሕመም በላይ እንቅልፍ ነሳኝ።

መግቢያው በር ላይ ያለውን ጥበቃ ብጠይቀው «እኔ የምጠብቀው በሩን ነው። ስለ ውሃው የሚያውቀው እሱ ነው» ብሎ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ አሳየኝ። ሰውዬው ውሃው ውስጥ የቆመ፣ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ እያየ ደብተር ላይ ይጽፋል። የግድቡን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነበር።

«ወንድሜ፣ የቆሻሻ መጣያውን ያሰራችሁት ሌባ ፈርታችሁ ነው?» አልኩት።

«ውሃ ፈርተን ነው።»

«ውሃው እኮ እዚያ ታች ነው።»

«አሁን ነዋ! የቆምሽበት ቦታ ሐምሌ ላይ ሐይቅ ነው።»

እግሬን አየሁት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ፣ ከዚያም ሌላ። ክረምት ሊገባ ሲል በሩን ከፍቶ ውሃውን እንደሚያጎድለው ነገረኝ። ሐይቅ ክረምት ሲመጣ ይሞላል እንጂ እንዴት ይጎድላል አልኩ።

«ሞልቶ ከጠበቀው ጎርፉን የት ያስቀምጠዋል?» አለኝ። «የዚህ ሐይቅ ሥራው ባዶ ሆኖ መጠበቅ ነው። ጀልባውም ሻዩም ምርቃት ነው።»

ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ከዚያ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። አንድ ነሐሴ ከሥራ ስመለስ ፍራሼ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ የዱቄት ማስቀመጫዬ የግቢው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ያን ጊዜ ጎርፉን ረገምኩት እንጂ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ አዛውንትም ነበሩ። ሁልጊዜ የሲሚንቶው ወንበር ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ውሃውን ያያሉ። ሌላው ሰው ዳክዬና ይብራ ሲያይ እሳቸው ውሃው መሀል አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ይተክላሉ። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ ምን እያዩ ነው?»

«አውድማዬን» አሉኝ። «ጀልባው ከሚዞርበት ትንሽ ወደ ግራ።»

ግድቡ ሳይሠራ በፊት እዚያ ስንዴና ጤፍ ያርሱ ነበር። አሁን የሚኖሩት ኮረብታው ላይ፣ ልጃቸው ዘንድ ነው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ሲጥማቸው ግን ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፣ እኔ ደግሞ ኦሮምኛ ስለማልችል ከዚያ በኋላ ፊታቸውን እያነበብኩ እከተላቸዋለሁ።

የግንቦት መጨረሻ ላይ ባለ ቱታው በሩን ከፈተ። ውሃው በየቀኑ ይሸሽ ጀመር። ጀልባዎቹ ወደ ላይ ተጎትተው ተገለበጡ። አንድ እሁድ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ለፎቶ መጥተው ቢያዩ የጠበቁት ሐይቅ ጭቃ ሆኗል። ሚዜው ባለ ቱታውን «ውሃውን መልስ!» ብሎ ጮኸበት፤ ሰውየው ቧንቧ የዘጋበት ይመስል። ሙሽራዋ ግን ቬሎዋን ሰብስባ ዥዋዥዌው ላይ ወጣችና እዚያው ፎቶ ተነሳች።

ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ አዛውንቱ ቆመው አገኘኋቸው። ከጭቃው መሀል ከፍ ያለ ክብ ቦታ ብቅ ብሏል።

«ወጣ» አሉኝ። «ልሂድና ልየው?»

እኔን ፈቃድ መጠየቃቸው ሳይሆን እኔም እንደ እሳቸው ማየት መፈለጌ ነው ያስቸገረኝ። ባለ ቱታውን ለመንነው። ወንዙ የሚመጣበትን የየካን ተራራ አየ፣ ደብተሩን አየ። በመጨረሻ «የካ ላይ ደመናው ከጠቆረ አፏጫለሁ። ስትሰሙ ወዲያው ትወጣላችሁ» አለ።

ፀሐይ ነበር። ጭቃው ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጃቸውን ይዤ፣ እሳቸው በከዘራቸው መንገዱን እየወጉ ደረስን። አባባ በጫማቸው ደለሉን ገፋ ገፋ አደረጉት፤ ከሥሩ ጠንካራ፣ የተደለደለ መሬት ወጣ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው መቱት።

«አለ» አሉ።

እኔም ጎንበስ ብዬ ነካሁት። «በሬዎቹ በየት በኩል ነበር የሚዞሩት?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ከዘራቸውን እንደ ጅራፍ አንስተው መዞር ጀመሩ። በሬዎቹን በየስማቸው እየጠሩ፣ አንዱን እየገሠጹ፣ ሌላውን እያባበሉ። ፉጨቱን የሰማሁት ያኔ ነው። ሰምቻለሁ። አንድ ዙር ይጨርሱ ብዬ ዝም አልኩ። ይሄን ከባለ ቱታው በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለተኛው ፉጨት ረጅም ነበር። ቀና ስል የካ ተራራ አይታይም። እኛ ጋ ጠብታ የለም፣ ወንዙ ግን ድምፁ ተቀይሯል።

«አባባ፣ እንሂድ!»

ወደ ደረጃው በሚወስደው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ከነገለባው ይገባ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ፣ ከዚያ ባቴ። መሀል ላይ የአባባ ቀኝ እግር ተቀረቀረ። ብስብ እምቢ አለ። ጉልበቴ ጠቅ ሲያደርገኝ ወደቅኩ ብዬ ነበር። ባለ ቱታው እየሮጠ ወርዶ በአንድ በኩል ያዛቸው፤ ስናነሳቸው እግራቸው ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ተቀምጠን ተነፈስን። ባለ ቱታው አልተቆጣም። ብቻ እኔን አየኝና «የመጀመሪያውን አልሰማሽም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ወደ ግድቡ በር ሄደ።

ላይ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆነን አየነው። አውድማው ተሸፈነ። ውሃው ወደ ሲሚንቶ ወንበሮቹ መጣ፣ ዋጣቸው። የቆሻሻ መጣያዎቹ ተንሳፍፈው ሰንሰለታቸውን ወጠሩ። ከግድቡ ማዶ፣ ድሮ እኔ በነበርኩበት በኩል፣ በሩ ከሚለቀው በቀር ውሃ አልሄደም፤ ወንዙ በልኩ ይፈሳል። ወንዙ ዳር ባሉት ግቢዎች ልብስ እንደተሰጣ ነው። አንዲት ሴት ወጥታ ማካፋት መጀመሩን በመዳፏ ለካችና ልብሱን ሰበሰበች። ጎርፍ እንደመጣ እንኳ አላወቀችም። እንባዬ መጣ፤ አባባ ስለ ጫማቸው ያዘንኩ መስሏቸው «ተይው ልጄ፣ አሮጌ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ልጃቸው አብራቸው መጣች። ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ፣ ፈጠን ያለች ሴት ናት።

«አባቴን ጭቃ ውስጥ ያስገባሽው አንቺ ነሽ?»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ለእሷ ግን የፉጨቱን ነገር አልነገርኳትም። እሷም ወደ ሞላው ሐይቅ ዞረች። እዚያ መሬት ላይ ነው የተወለደችው፤ ከዚያ ስትወጣ ትንሽ ልጅ ነበረች። በለሰለሰ ድምፅ አባቷን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ከዘራቸውን አንስተው ውሃው ላይ እየጠቆሙ ረጅም አወሩ። እኔ ከፊታቸው ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ስለ በሬዎቹ ነው የሚያወራው» አለች እየሳቀች። «ዳለቻው በሬ ሰነፍ ነበር ይላል። ቆይ፣ ገና አልጨረሰም።»